ግቢያችሁ ጠባብ ከሆነ መጀመሪያ ሜትር ያዙ

ልጅ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ቀን ያንን ፎቶ ያያል። ዥዋዥዌ አለው፣ ሸርተቴ አለው፣ ላዩ ላይ ጣሪያ ያላት ሚጢጢ ቤት አለችው፣ ከጎኑ ደግሞ መወጣጫ ገመድ። ልጆቹ ይስቃሉ። ሰውየው ዋጋውን አይቶ ትንሽ ሲያምጥ ይቆይና "ለልጆቼ ያልሆነ ገንዘብ ለማን ሊሆን ነው" ብሎ ይገዛል። ጉዱ የሚታየው ዕቃው ግቢ ገብቶ ሲገጣጠም ነው። ዥዋዥዌው ወደፊት ሲሄድ አጥር ሊነካ ይደርሳል፣ ሸርተቴው ልጁን የሚያወርደው በሩ ላይ ነው፣ ልብስ የሚሰጣበት ቦታ ደግሞ የለም።

ፎቶውን መለስ ብላችሁ እዩት እስቲ። ወይ ሰፊ ሜዳ ላይ ነው የተነሳው፣ ወይ ከኋላው ምንም የለም፣ ነጭ ነው። አጥር የሚባል ነገር እዚያ ዓለም ውስጥ የለም።

ስለዚህ ሰው "ለጠባብ ግቢ ምን ልግዛ?" ሲለኝ ዕቃ ከመጥቀሴ በፊት "ግቢው ስንት በስንት ነው?" እላለሁ። ብዙዎቹ አያውቁትም። "ትንሽ ነው፣ ግን አይከፋም" ይላሉ። እሱ መልስ አይደለም። ቦታ የሚፈጀው ዕቃው ሳይሆን ልጁ የሚወዛወዝበትና የሚወድቅበት ዙሪያው ነውና ቁጥር ያስፈልጋል።

የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን ለመኖሪያ ቤት መጫወቻዎች ያወጣው መመሪያ በዕቃው ዙሪያ፣ በሁሉም አቅጣጫ፣ ቢያንስ 1.8 ሜትር ክፍት ቦታ ተዉ ይላል። አውሮፓ ውስጥ የሚሸጡት ደግሞ ከግድግዳ፣ ከአጥር፣ ከዛፍ ቅርንጫፍ፣ ከልብስ ማስጫና ከኤሌክትሪክ ሽቦ 2 ሜትር ይራቁ የሚል ማስጠንቀቂያ ይዘው ነው የሚመጡት። ሁለቱ ብዙም አይለያዩም። እስቲ እናስላው። ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ስፋቱ ግማሽ ሜትር የሆነች ትንሽ ሸርተቴ ከነዙሪያዋ 5.6 በ4.1 ሜትር ትፈልጋለች። ለአንዲት ሸርተቴ!

ዥዋዥዌ ደግሞ ይብሳል። ሕጉ እንዲህ ነው፦ ከመሬት እስከ አግዳሚው ያለውን ከፍታ ለኩና እጥፉን ወደፊት፣ እጥፉን ደግሞ ወደ ኋላ ክፍት አድርጉ። አግዳሚው 2 ሜትር ላይ ከሆነ 4 እና 4፣ በድምሩ 8 ሜትር። ይህን የሚያሟላ ግቢ ያለው ሰው "ጠባብ ነው" ብሎ ማማረር የለበትም። ግን ተስፋ አትቁረጡ፣ አግዳሚው ዝቅ ሲል ቁጥሩም አብሮ ይወርዳል። 1.2 ሜትር ላይ የሚንጠለጠል የሕፃን ዥዋዥዌ በ4.8 ሜትር ይበቃዋል። ዝቅተኛ የሆኑ ሁለት የቆሙ ዕቃዎች ዙሪያቸውን ሊጋሩ ይችላሉ። የዥዋዥዌ ፊትና ኋላ ግን ከምንም ጋር አይጋራም፣ ምክንያቱም እዚያ ጋ የሚመጣው ልጅ ብቻ ሳይሆን በፍጥነት የሚመጣ ልጅ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት መሬቱ ላይ ስሉት። በኖራ ይሁን በገመድ፣ ከነዙሪያው አስምሩና ለጥቂት ቀናት ተዉት። ውሃ ስትቀዱ፣ ቆሻሻ ስታወጡ፣ ልብስ ስታሰጡ ስንቴ መስመሩን እንደምትረግጡ ታያላችሁ። በሩን ወለል አድርጋችሁ ክፈቱት። ቀና ብላችሁም እዩ። ሰው ወደ ታች ይለካል እንጂ ወደ ላይ አያይም፣ ሽቦና ቅርንጫፍ ያለው ግን ላይ ነው።

ቀጥሎ መሬቱ ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ልጅ ይወድቃል። ማስቀረት አይቻልም፣ ማስቀረትም ያለብን አይመስለኝም። ጥያቄው ምን ላይ ነው የሚወድቀው የሚለው ነው። ሲሚንቶ፣ አስፋልትና የተደቀደቀ አፈር ላይ ምንም ከፍታ ያለው ነገር መትከል የለባችሁም። ሳርስ? ብዙ ሰው ሳር ለስላሳ ይመስለዋል። ለመቀመጥ ለስላሳ ነው። ከላይ ለሚመጣ ጭንቅላት ግን በቂ መከላከያ ተብሎ አይቆጠርም፣ ምክንያቱም ልጅ የሚመላለስበት ሳር ወዲያው ያልቅና ከሥሩ ያለው ጠንካራ አፈር ይወጣል። የሚመከረው ልቅ ነገር ነው፤ የተከተፈ ቅርፊትና ቅርንጫፍ፣ አሸዋ፣ ድቡልቡል ጠጠር። ውፍረቱ ቢያንስ 23 ሳንቲሜትር መሆን አለበት፣ እየተረገጠ ስለሚተኛም ስትጀምሩ ወደ 30 አካባቢ አድርጉት። እኩል እንዳይመስላችሁ ደግሞ። በዚያው 23 ሳንቲሜትር አሸዋ የሚችለው እስከ 1.2 ሜትር ከፍታ የሚደርስን አወዳደቅ ነው፣ የተከተፈው ቅርፊት ግን ወደ 2 ሜትር ይጠጋል። ጠጠር አፉ ውስጥ ሁሉን ለሚከት ሕፃን አይሆንም፣ ያንቃል። በጓዳ ወለል ላይ የሚነጠፈው ባለ ቀለም ስፖንጅ ምንጣፍ ለዚህ ሥራ አልተሠራም፣ "ቢያንስ ከምንም ይሻላል" እያላችሁ ሁለት ሜትር ከፍታ ሥር አታንጥፉት።

አሁን ሒሳቡ ሲገጣጠም ይታያችኋል። ከፍ ያለ ዕቃ ብዙ ዙሪያ ይፈልጋል፣ ብዙ ውፍረት ያለው መሬት ይፈልጋል፣ ከ75 ሳንቲሜትር በላይ የሆነ መቆሚያ ካለው ደግሞ መከታ ይፈልጋል። ዝቅ ያለ ዕቃ ሁሉንም ይቀንስላችኋል። ስለዚህ ለጠባብ ግቢ የእኔ ምርጫ ሁሌም ዝቅ ያለው ነው። ልጆቹ ያኮርፉ ይሆናል ብላችሁ አትስጉ፣ አንድ ሜትር ለአራት ዓመት ልጅ ሰማይ ነው።

እና ምን እንግዛ? ልጁ መንጠልጠል ይፈልጋል? መወዛወዝ? መቆፈር? መደበቅ? በዕቃው ስም ሳይሆን በዚህ ጀምሩ። ብዙ ወላጅ ሸርተቴ ይገዛል ምክንያቱም ሸርተቴ "የልጅ ዕቃ" ይመስላል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ግቢ ውስጥ ካሉት ሁሉ ቶሎ የሚሰለቸው ሸርተቴ ነው። መውጣት፣ መንሸራተት፣ መውጣት፣ መንሸራተት። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ራሳቸው ጨዋታ ይፈጥሩለታል፤ ከታች ወደ ላይ መሮጥ፣ በሆድ መምጣት፣ ባልዲ ውሃ መልቀቅ። ይህ ሁሉ ደስ ይላል፣ ግን የያዘውን ቦታ ስታዩት ዋጋው ውድ ነው። ብረት ከሆነ ፀሐይ ላይ ይፋጃል፣ ፕላስቲኩም ከዚህ ነፃ አይደለም፣ በእጃችሁ ሳትነኩ ልጅ አታስቀምጡበት። ሌላው ደግሞ ሕፃን ታቅፎ መንሸራተት። አደጋ የሌለው ይመስላል፣ ግን የሕፃኑ ጫማ ጠርዝ ላይ ሲይዝ የአዋቂው ክብደት ወደ ታች ይነዳዋል፣ እግር የሚሰበረውም በዚህ ነው። ብቻውን መንሸራተት ካልቻለ ገና አልደረሰም ማለት ነው።

ግቢያችሁ ተዳፋት ካለው ግን የሸርተቴው ነገር ይለወጣል። መሰላሉን ተዉትና ሸርተቴውን ተዳፋቱ ላይ አስተኙት። ልጁ በአፈሩ ላይ ይወጣል፣ በሸርተቴው ይወርዳል፣ የሚወድቅበት ከፍታ የለም ማለት ይቻላል። ብዙ ሰው ተዳፋት ግቢውን ይረግማል፣ እኔ ቢኖረኝ በደስታ ነበር የምቀበለው።

የእኔ ልዩ ፍቅር አንድ አግዳሚ ብረት ነው። ሁለት ቋሚ፣ መሃላቸው አንድ ብረት፣ በቃ። ልጅ ይንጠለጠልበታል፣ እግሩን ሰቅሎ ጭንቅላቱን ይዘቀዝቃል፣ ዙሪያውን ይገለበጣል፣ ሸራ ሲጣልበት ደግሞ ድንኳን ይሆናል። ከፍታው የሚቀያየር ከሆነ ልጁ ሲያድግ እሱም ያድጋል። ስትገዙ ወይም ብረት ሠራተኛ ዘንድ ስታሠሩ ሁለት ነገር እዩ። ብረቱ የልጅ እጅ ጨብጦ የሚዘጋበት ውፍረት ይኑረው፣ ከ2.5 እስከ 3.8 ሳንቲሜትር ባለው መሃል። ሲይዙት ደግሞ አብሮ የሚሽከረከር መሆን የለበትም። ቋሚዎቹ በኮንክሪት ይተከሉ፣ የኮንክሪቱ አናት ግን ከመሬት በታች ይሁንና አፈር ይልበስ። ብቅ ያለ ኮንክሪት ላይ የሚወድቅ ጉልበት ወይም ግንባር አያድርስ ነው።

ስለ መንጠልጠያ ካነሳን አንድ የምወዳት ታሪክ አለች። ዛሬ በየመጫወቻ ሜዳው የምናየውን የብረት ርብራብ መወጣጫ በ1920 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የፈጠራ መብት የጠየቀበት ሴባስቲያን ሂንተን የሚባል የቺካጎ የፓተንት ጠበቃ ነው። ሐሳቡ ግን ከአባቱ ነው የመጣው። አባትየው ቻርልስ ሂንተን የሒሳብ ሰው ነበር፣ ስለ አራተኛው አውታረ መጠን፣ ማለትም ከርዝመት፣ ከስፋትና ከከፍታ ሌላ ስለሚኖር አቅጣጫ፣ ሲያስብ የሚያድር ዓይነት። ጃፓን ሲኖሩ ለልጆቹ ከቀርከሃ ርብራብ ሠራላቸው። ዓላማው ልጆቹ ቦታን በሦስት አቅጣጫ በደንብ እንዲለምዱና አራተኛውን መገመት እንዲችሉ ነበር። ቁጥር እየጠራ ወደተጠራው ነጥብ ውጡ ይላቸው ነበር። ልጆቹ ምን ወደዱ? መውጣቱን። ሒሳቡ ቀርቶ ርብራቡ ዓለምን ዞረ።

ወደ ጉዳያችን ልመለስ። ትራምፖሊን፣ ያ በስፕሪንግ የተወጠረው መዝለያ ሸራ።

ስለ ትራምፖሊን ስናገር ሰው ይቀየመኛል፣ ግን እናገራለሁ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2012 ባወጣው መግለጫ ትራምፖሊን ለመዝናኛ ተብሎ በመኖሪያ ቤት ባይኖር ይሻላል ብሎ በግልጽ መክሯል። ከጉዳቶቹ ውስጥ ሦስት አራተኛ ያህሉ የሚደርሱት ከአንድ ልጅ በላይ አብሮ ሲዘል ነው፣ የሚጎዳው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ትንሹ ነው፣ ትልቁ ሲያርፍ ትንሹን ያስፈነጥረዋልና። ከ6 ዓመት በታች ያሉት ለስብራት የበለጠ የተጋለጡ ናቸው። "መረብ አለው እኮ" ትሉኛላችሁ። አዎ አለው። መረቡ ከውጭ ከመውደቅ ያግዳል ይባላል እንጂ እዚያው ሸራው ላይ ከሚደርሰው ግጭት አያድንም፣ የጉዳቱ ትልቁ ክፍል ደግሞ እዚያው ላይ ነው። ይህን ሁሉ ሰምታችሁ ከገዛችሁ መብታችሁ ነው፣ ብቻ ሕጉ አንድ ልጅ በአንድ ጊዜ ይሁን፣ ሕጉ የሚሠራው ግን እናንተ እዚያ ስትቆሙ ብቻ እንደሆነ አትርሱ። ለጠባብ ግቢ የምቃወመው በሌላም ምክንያት ነው። ስፋቱ 2.4 ሜትር የሆነው ከነዙሪያው 6 በ6 ይወስዳል፣ ከዚያ በኋላ ግቢው የትራምፖሊኑ ነው፣ እናንተ በዳር በዳር ነው የምትሄዱት።

ለእኔ ግቢን የሚያሰፋው ቦታ የማይዘው ዕቃ ነው። የሚነሳ፣ የሚቀመጥ፣ ማታ ጥግ የሚደረደር። በ1943 ዴንማርክ በጀርመን ጦር ሥር ሳለች ኮፐንሃገን ዳር ኤምድሩፕ በሚባል ሰፈር አንድ እንግዳ የሆነ መጫወቻ ሜዳ ተከፈተ። ሐሳቡ የካርል ቴዎዶር ሶረንሰን ነበር፣ የመናፈሻ ነዳፊ ነው። ያማሩ የመጫወቻ ቦታዎችን ሠርቶ ሲያበቃ ልጆቹ ግን የሚጫወቱት የግንባታ ቦታና ቁርጥራጭ ዕቃ ያለበት ቦታ ላይ መሆኑን አስተዋለ። እና ቁርጥራጩን ሰጣቸው። ጣውላ፣ ጡብ፣ መሣሪያ። በ1971 ደግሞ ሲመን ኒኮልሰን የተባለ እንግሊዛዊ ይህንኑ ነገር በሐሳብ ደረጃ አስቀመጠው፦ ልጅ ፈጣሪ የሚሆነው በዙሪያው የሚነቀሉ፣ የሚቀያየሩና የሚገጣጠሙ ነገሮች በበዙ መጠን ነው አለ። ተተክሎ የቀረ ዕቃ አንድ ጨዋታ ነው። ተንቀሳቃሹ ግን ጠዋት መርከብ፣ ከሰዓት ሱቅ።

እንግዲህ የምላችሁ ይህ ነው፤ ሚስማሩ የተነቀለና ጠርዙ በአሸዋ ወረቀት የተፈገፈገ ጥቂት ጣውላ፣ ጠንካራ ሳጥኖች፣ ባልዲዎች፣ የቧንቧ ቁራጭ፣ አሮጌ ጎማ፣ አንድ ሸራ። ውድ ነገር አንድም የለበትም። ጎማው ውስጥ ውሃ እንዳይጠራቀም ጎኑን ብሱት፣ አለበለዚያ ትንኝ ታረባላችሁ። በጣውላው ድልድይ ይሠራሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፣ ያፈርሱታል። እናንተ ደግሞ ግቢው የተዝረከረከ መስሎ ይታያችኋል። ይሄ ነው ዋጋው፣ ቅልጥ ያለ ዝርክርክ። አልዋሻችሁም።

አሸዋም እዚሁ ይግባ። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ሳጥን፣ 30 ሳንቲሜትር ጥልቀት፣ ከሥሩ ውሃ የሚያሳልፍ ጨርቅ። ክዳን ግዴታ ነው። ድመት ክዳን የሌለውን አሸዋ ለአንድ ነገር ብቻ ነው የምትፈልገው፣ ከዚያ የሚመጣው በሽታ ቀልድ አይደለም። ለግንባታ የሚመጣው ሸካራ አሸዋ አቧራውና ስለቱ ስለሚያስቸግር ታጥቦ የተነፋውን ፈልጉ። ቦታው ጥላ ያለበትና ከኩሽና መስኮት የሚታይ ይሁን። ውሃ ከጨመራችሁበት፣ እና ትጨምራላችሁ፣ ጨዋታው ሲያልቅ ባልዲውንም ገንዳውንም ድፉ። ሕፃን በጥቂት ሳንቲሜትር ውሃ ውስጥ ሊሰጥም ይችላል፣ ድምፅም አያሰማም።

ዕድሜያቸው የተራራቀ ልጆች ካሏችሁ ዥዋዥዌው ላይ ብልጥ ሁኑ። ገንዘባችሁን አግዳሚውና ቋሚው ላይ አውጡ፣ መቀመጫው ርካሽ ነው፣ ይቀየራል። መጀመሪያ ዙሪያውን የሚይዘው የሕፃን መቀመጫ፣ ከዚያ ጠፍጣፋው፣ ከዚያ ክቡ። መቀመጫው ጎማ ወይም ለስላሳ ፕላስቲክ ይሁን። የጣውላና የብረቱ ፎቶ ላይ ያምራል፣ ግን ባዶውን ሲመለስ ከኋላ የቆመችውን እህት ፊት ነው የሚያገኘው። በአንድ አግዳሚ ላይ ከሁለት በላይ አታንጠልጥሉ፣ በመሃላቸው ደግሞ ቢያንስ 60 ሳንቲሜትር ይኑር። ጠባብ ግቢ ውስጥ አንዱ ይበቃል። ተራ መጠበቅም ጨዋታ ነው፣ ቢያለቅሱም።

ያገለገለ መግዛት ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ብዙው ዕቃ ከልጆቹ ዕድሜ በላይ ይቆያል። ግን ዓይናችሁን ግለጡ። እንጨቱ የሚበሰብሰው አፈርና አየር በሚገናኙበት ቦታ ነው፣ እዚያ ጋ በጠመንጃ መፍቻ ወጋ ወጋ አድርጉ፣ ከገባላችሁ ጥላችሁ ሂዱ። ከ2004 በፊት የተሠራ፣ በመድኃኒት የታሸ እንጨት ከሆነ አርሴኒክ ሊኖርበት ይችላል፤ በአሜሪካ ለመኖሪያ ቤት መጠቀሙ ያበቃው በ2003 መጨረሻ ነው። ጥቁርና የሚሸት የባቡር ሐዲድ እንጨት ለአሸዋ ሳጥን ጠርዝ የሚያደርጉ አሉ፣ እባካችሁ ተዉት። ፕላስቲኩን በእጃችሁ ስታሹት ነጭ ዱቄት ካወጣ ፀሐይ በልቶታል፣ አንድ ቀን ልጅ ላዩ ላይ እያለ ይሰነጠቃል። ሰንሰለቱን የሚይዘው የኤስ ቅርጽ ያለው መንጠቆ ጫፉ የተዘጋ ይሁን፣ የሳንቲም ውፍረት የሚያሳልፍ ክፍተት ካለው ልብስ ይይዛል። የርብራቡን፣ የመሰላሉንና የመከታውን ክፍተቶች ሁሉ ለኩ። ከ9 እስከ 23 ሳንቲሜትር ባለው መሃል ከሆነ አትውሰዱት። ሰውነት ያልፋል፣ ጭንቅላት ይቀራል።

ጭንቅላት ካልኩ አይቀር፣ ገመድ። ከላይም ከታችም ካልታሰረ በቀር ገመድ መወጣጫው ላይ አይኑር። ልጆች የመዝለያ ገመድ አምጥተው ያስራሉ፣ የውሻ ማሰሪያም ያመጣሉ፣ አንስታችሁ ውሰዱት፣ ቢያለቅሱም ውሰዱት። ኮፍያው ላይ ክር ያለው ሹራብ ይውለቅ። የብስክሌት ሄልሜትም ይውለቅ፣ ይሄ ብዙ ሰው ይገርመዋል። ሄልሜቱ ክፍተት ውስጥ ሲቀረቀር ልጁን በአገጩ ማሰሪያ ነው የሚሰቅለው።

ስለ ጎረቤት አንድ ነገር ብቻ። አጥር ጥግ ላይ ከፍ ያለ መቆሚያ ስትተክሉ የሰው ጓዳ የሚያዩበት ማማ ነው የሠራችሁት፣ ለልጁም አጥር መዝለያ። ወይ አርቁት፣ ወይ ዝቅ አድርጉት።

አዲስ የእንጨት ዕቃ ከተገጣጠመ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንጨቱ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ቡሎኑ ይላላል። መፍቻ ይዛችሁ ዙሩት፣ ዳዶውን ሁሉ ጠበቅ አድርጉ፣ ክዳኑ የወለቀ የቡሎን ጫፍ ካለ መልሱለት። ዥዋዥዌ ሥር የተቦረቦረውን መሬት ሙሉ፣ ልጆቹ በእግራቸው እየገፉ ሁሌም እዚያው ጋ ነው የሚያወጡት። የመገጣጠሚያ ወረቀቱንና የተረፉትን ቡሎኖች በአንድ ፌስታል አድርጋችሁ የማይጠፋ ቦታ አስቀምጡ። በልኩ ሌላ ቡሎን ፍለጋ መዞር ራስ ምታት ነው።